የእምቢ ወንበር

ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት የሳሎን ግድግዳ ላይ አባትና ሴት ልጃቸው በሚኖሩበት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ያረጀ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው። የታችኛው ጠርዙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል፤ በጠመኔ ብናኝ የነጣች፣ ከካልሲ ቁራጭ የተሰፋች ማጥፊያ ጎኑ ላይ ተንጠልጥላለች። ከሰሌዳው ፊት ለፊት መደገፊያው የተሰነጠቀ የእንጨት ወንበር አለ። እንግዳ ሲመጣ ደስ ባለው ቦታ ይቀመጣል፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን አይቀመጥም። ወንበሩ የአባቷ ነው፤ ስሙም የእምቢ ወንበር ይባላል።

እሷን ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ አጥር» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታስተምረውም ዕድሜዋን የፈጀችበትም ከጊዜ ጋር የሚለዋወጡ ነገሮች ሒሳብ ነው፤ የሚሞላና የሚጎድል ውሃ፣ የሚወዛወዝ ድልድይ፣ የሚዛመት በሽታ። ዛሬ ያለው ነገር ነገን እንዴት እንደሚወልድ የሚናገር እኩልታ ይጻፋል፤ ከዚያ «ይህ ነገር እንዲህ እያለ የት ይደርሳል?» ተብሎ ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ እኩልታው አይፈታም። ሳይፈታ ሲቀር አጥር ይታጠራል። ወረቀት ላይ አንድ ክልል ይከለልና በዙሪያው የእንቅስቃሴው ቀስት በየቦታው ወዴት እንደሚያመለክት ይታያል። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ካመለከቱ፣ አንዴ የገባ ነገር እስከ ዘላለሙ አይወጣም። የት እንዳለ ባይታወቅም የት እንደማይደርስ ይታወቃል። እሷ ደግሞ በዚህ የተካነች ናት። «እትዬ አጥር ያጠረችውን ትንኝም አያልፈው» ይላሉ ተማሪዎቹ።

አባቷም የሒሳብ መምህር ነበሩ። ትምህርት ክፍሉን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ የእምቢን ደንብ ያመጡትም እሳቸው። አንድ ሰው «አዲስ ነገር አረጋገጥኩ» ሲል ወረቀቱን ሳይዝ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ከፊቱ፣ ወንበሩ ላይ፣ እምቢ ባይ ይቀመጣል። የእምቢ ባይ ሥራ አለማመን ነው። እያንዳንዱን እርምጃ «እምቢ» ይላል፤ ሲያሳምኑት ብቻ ያልፋል። መጨረሻ ላይ እምቢ የሚልበት ሲያጣ ይነሳና «ተረታሁ» ይላል። ተረታሁ ያልተባለለት ሥራ ከትምህርት ክፍሉ በር አይወጣም ነበር። አባቷ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወይ ፍንክች! ጠመኔውን ወርውሮ የወጣ ትልቅ ሰው አለ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቀሰም አለ። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አያደርጉም። «እምቢ፣ ልጄ» ይላሉ፣ ሻይ አልፈልግም እንደሚል ሰው።

ጡረታ ሲወጡ ወንበሩንም ሰሌዳውንም ይዘው ወደ ቤት መጡ። ትምህርት ክፍሉ በአዲስ ነጭ ሰሌዳና ለስላሳ ወንበሮች ተሞላ፤ ደንቡም ቀስ በቀስ ተረሳ። ያልረሳችው ልጃቸው ብቻ ናት።

አባትና ልጅን አንድ ላይ ያሰረ አንድ እኩልታ ነበር። አባቷ ወጣት ሳሉ ከውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ጠየቋቸው። ሁለት ታንከሮች በአንድ ፓምፕ ተያይዘው ውሃው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከፍ ዝቅ ይልባቸዋል፤ ይህ መዋዠቅ ሁልጊዜ በልኩ ይኖራል ወይስ አንድ ቀን ከልክ ያልፋል? አባቷ እኩልታውን ጻፉ፤ አጥሩንም አጠሩ። «የትም ቢጀምር ይገባል፤ ከገባ አይወጣም» አሉ። ከአንድ ጥግ በቀር በሁሉም በኩል ተረጋገጠላቸው። ያቺን ጥግ «ለልጄ የቤት ሥራ ትቼላታለሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበረች። በኋላ ታንከሮቹ ተነቅለው ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። እኩልታው ግን አልተነቀለም፤ የቤት ሥራውም አላለቀም።

ፀጉሯ ሲሸብት ጥጉ ለምን እንደማይዘጋ ገባት። ቀጭን መውጫ አለው። ከተወሰነ ቦታ የተነሱ መንገዶች ሁሉ እየተጠጋጉ፣ እየተጠጋጉ እንደ ክር ይቀጥኑና ወደ አንዲት የዕረፍት ነጥብ ይቀርባሉ። ነጥቧ ላይ ያለ ነገር አይንቀሳቀስም፤ አጠገቧ የደረሰም እጅግ ይዘገያል። ክሩ ነጥቧን በግራ ካለፋት ከአጥሩ ይወጣል፤ በቀኝ ካለፋት ወደ ውስጥ ይመለሳል። የሚያልፈው ደግሞ በግራ ነው። የአባቷ አጥር ያፈስ ነበር ማለት ነው።

ይህን ባገኘች ሰሞን ከሩቅ አገር ስልክ ተደወለላት። በዚያ ያለ የምርምር ተቋም ነው፤ እንዲህ ዓይነት እኩልታ ላይ የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበዋል፤ ሁለት ዓመት መጥታ አብራቸው እንድትሠራ ይፈልጋሉ። የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጠናቀቀውን ሥራ በወሩ መጨረሻ እንድትልክ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ መስኮቱን አየች። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳና ከግድግዳው የወጣ የውሃ ቧንቧ ነው። ያንን ቧንቧ ዝገቱ ሳይጀምረው ጀምሮ ታውቀዋለች።

አባቷን ማን ይያዝ የሚለው መልስ ነበረው። ወንድሟ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው፣ «እኔ ቤት ይምጡ፤ ሚስቴም እሺ ብላለች» አለ። እንዲያውም በሚቀጥለው እሁድ ለአባቱ ጎማ ያለው አዲስ ሻንጣ እየጎተተ መጣ። የቀረው የአባቷ ተረታሁ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እግሯ የተያዘው።

የአባቷ አእምሮ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ትናንትን አይይዝም። ሰሌዳው ፊት ሲቀመጡ የድሮው ሰው ናቸው፤ እርምጃ አይስቱም፣ ምልክት አይዘነጉም። ሲነሱ ግን ሁሉም ነገር ከሰሌዳው ጋር ይጠፋል። ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው፣ ፂማቸውን ተላጭተው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ።

«እስቲ ያቺን ጥግ ምን አደረግሻት?»

«አትዘጋም አባባ። መውጫ አላት።»

«እምቢ።»

ይጀመራል። ትምህርቷን አስተምራ በምትመለስበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሌላው ቀን ጠዋት፣ አባቷን የመጀመሪያውን እርምጃ ታሳምናቸዋለች፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛው ላይ ይደክማቸዋል። «ነገ እንቀጥል፤ እስካሁን ያልሽው ልክ ነው» ይላሉ። በማግሥቱ ፂማቸውን ተላጭተው ይቀመጣሉ። «እስቲ ያቺን ጥግ ምን አደረግሻት?»

እሷ እርምጃዎቹን ማሳጠር ጀመረች። አባቷ ሳይደክሙ መጨረሻው ላይ መድረስ አለባት። የሚያዘገየውን ጣለች፤ የሚያደናግረውን በሥዕል ተካች። ክሩን በጠመኔ ስትስለው ከነጥቧ በግራ በኩል አሳልፋ ትስለዋለች፤ እሳቸውም ሥዕሉን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ፤ ከመጨረሻው እርምጃ በፊት ግን አሁንም ይደክማቸዋል። ጽሑፏም ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ «ግልጽ ነው» ብላ ጽፋለች።

ልትወጣ ስትል የውጭውን በር ትቆልፋለች። አባቷ አንድ ቀን ወጥተው የድሮው ትምህርት ክፍል ደረጃ ላይ ተገኝተዋል። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ስትጽፍ ሰሌዳውን እየነካ ቂው ቂው ይላል። ቀን ቀን ከአባቷ ጋር የምትውለው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛው ቁልፍ አላት፤ ሲንጀሯን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ትሰፋለች፣ ያውም እያንጎራጎረች። አባቷ አንዳንዴ እሷንም «እምቢ» ይሏታል፤ «እሺ ጋሼ፣ እምቢ ካሉ ይቅር፤ ሱሪዎ ግን መጠበብ አለበት» ትላቸዋለች።

እሁድ ወንድሟ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ሰሌዳውን አየው።

«እትዬ፣ አባባ ዛሬ ቁርስ በልተዋል?»

«በልተዋል።»

«እስቲ ጠይቂያቸው።»

«ተው፣ አትቀልድ።»

«እኔ ነኝ የምቀልደው? ቁርሱን የማያስታውስ ሰው እኩልታሽን ያስታውስልኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

«ማነው እንቦጭ ያለው?» አሉ አባቷ ከመኝታ ቤት።

«እኔ ነኝ አባባ። ስለ መኪና ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞተር ተነስቷል፣ ማርሽ ገብቷል፣ አንቺ ግን ፍሬኑን ረግጠሽ ለምን አይሄድም ትያለሽ። ላኪውና ተገላገይ! ማን ይጠይቅሻል?»

«ማንም አይጠይቀኝም።»

«እና?»

የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድቤት ገባች።

የሥራ ባልደረባዋም፣ ክረምት ከበጋ ሻርፕ የማይለየው፣ ይህንኑ ነበር ያላት። ሥራዋን አንብቦታል፤ ወዶታልም። «አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግን ወንበር ወንበር ነው። እኔ ተረታሁ ልበልልሽ?» አላት ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ። ከዚያ ሻርፑን ወደ ኋላ ወርውሮ ወገቡን ሰበር አደረገና «ተረታሁ!» አለ። የሚያልፉት ሳቁ። እሷም ሳቀች። ቢሮዋ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ምንም የቀለላት ነገር አልነበረም። እሱ አንድም ጊዜ እምቢ አላለም፤ እምቢ ያላለ ሰው እንዴት ይረታል?

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን ሰው ናትና ደከማት። አንድ ጠዋት ስትነሳ ወስና ነበር። ዛሬ ትልከዋለች። የመንገድ ልብሷን ለበሰች፤ ቦርሳዋን በር ሥር አስቀመጠች፤ ልብስ ሰፊዋ እስክትመጣ ብቻ መጠበቅ ነበረባት። አባቷ ተላጭተው መጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«መነጽሬ የት ሄደ?»

መነጽሩ ጠፍቷል። ትራሱ ሥር፣ ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ፣ ከፍራፍሬው ሳህን ውስጥ ፈለገች። የለም።

«ግድ የለም» አሉ። «ሥዕሉን ተይውና በአፍሽ ንገሪኝ። ያቺን ጥግ ምን አደረግሻት?»

ቆማ መናገር ጀመረች፤ አንድ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ያሳጠረችውን፣ በቃሏ የያዘችውን፣ በእንቅልፏም የማትስተውን ተናገረች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ።

«ከዚያ ክሩ የዕረፍት ነጥቧን በግራ ያልፋትና ይወጣል» አለች።

«ለምን በግራ?»

«ምን አሉ?»

«ለምን በግራ? ለምን በቀኝ አያልፍም?»

«አባባ፣ ይሄን እኮ ሁልጊዜ ያልፉታል። ግልጽ ነው።»

«ለማን ነው ግልጽ?» ዓይናቸውን አልገለጡም። «ግልጽ የሚባለው የደከመው ሰው የሚቀመጥበት በርጩማ ነው። እምቢ፣ ልጄ።»

ተናደደች። በሽታው ነው አለች በልቧ፤ ዛሬ ደግሞ ያለፉትንም መርሳት ጀመሩ። «ሻይ ላፍላልዎት» ብላ ወደ ማድቤት ገባች። በራዱን ሞላች፤ ምድጃውን ለኮሰች። ውሃው እስኪፈላ ጣቷን ወደ እርጥቡ ጠረጴዛ ሰደደች፤ ነጥቧን አደረገች፤ ክሩን ሳበች። ነጥቧ አጠገብ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ለምን በግራ?

በግራ የሚያልፈው ሁልጊዜ በግራ ስለምትስለው ነበር። መጀመሪያ በግራ የሳለችው ደግሞ ኮምፒውተሩ በግራ ስላሳያት ነው። ኮምፒውተር የቁጥርን ጭራ፣ የመጨረሻዎቹን አሃዞች፣ ይቆርጣል፤ ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ታስተምራለች። በሌላ ቦታ የተቆረጠችው ጭራ ማንንም አትጎዳም። እዚያች ነጥብ አጠገብ ግን ክሩ ከጭራውም የቀጠነ ነው።

ውሃው ፈልቶ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ከሳሎኑ የአባቷ ድምፅ መጣ፦ «የሚሸተው ጋዝ ነው?»

ምድጃውን ዘጋች። መስኮቱን ከፈተች። ልብስ ሰፊዋ በጨርቅ የተሞላ ዘንቢሏን ይዛ ገባችና፣ «ውይ እህቴ፣ ምነው አመድ መሰልሽ?» አለቻት።

«ምንም። መነጽር ካየሽ …»

«ይኸውና፤ ትናንት ከሱሪያቸው ኪስ ወድቆ ክሬ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ጽሑፉን አልላከችም። ኮምፒውተሩን ከፍታ ስሌቱን ጭራቸው በረዘመ ቁጥሮች ደገመችው። በቀኝ አለፈ። አሁንም አርዝማ ደገመችው። በግራ አለፈ። እንደገና አረዘመችው፤ በቀኝ። ባልደረባዋ ሻርፑን እያስተካከለ በሩን ከፍቶ፣ «ላክሽው?» ሲላት፣ ማያ ገጹን በእጇ ሸፈነችው፣ ልክ ልብሷን ስትቀይር እንደተገኘች ሴት።

«ቀዳዳ አለው» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ግልጽ ነው የሚለው ጋ።»

ባልደረባዋ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «በጣም ጠባብ ቦታ ናት» አለ። «ማንም አያየውም ነበር እኮ።»

«አዎ» አለች። «ማንም አያየውም ነበር።»

ወደ ሩቁ ተቋም የደወለችው ከዚያው ቢሮ ነው፤ ቧንቧውን እያየች። ሥራው አላለቀም አለች። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ አዝኗል፤ ቦታው ግን በዚህ ዓመት መሞላት አለበት፤ ለሌላ ጊዜ እንጠያየቃለን አላት። ሌላ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ በዕድሜዋ ያለ ሰው ያውቀዋል። አመሰገነችውና ዘጋች። ለወንድሟ የነገረችው እሁድ ነው። ወንድሟ የአባባን ወፍራም ብርድ ልብሶች አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተና አልጋው ሥር ገፋው። «ከአቧራ ያድናቸዋል» አለ።

ያን ቀን፣ የደወለች ዕለት፣ ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ሲንጀሯን እየሸፈነች ነበር። ሸኘቻት፤ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አደረገች። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ሳለች የምትላቸውን አዘጋጅታ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆመችና እጆቿን አጣምራ፣

«አባባ፣ ተረታሁ» አለች።

«ማን? አንቺ?» ሳቁ። «ተረታሁ የሚለው እዚህ የተቀመጠው ነው። ደንቡን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም። እርስዎ ያሉት ልክ ስለሆነ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

አየቻቸው፤ ፊታቸው ንጹህ ነው፤ የቀልድ ነገር የለበትም። የጠዋቱ እምቢታ ሄዷል። ሥራዋን ያፈረሰው፣ ከሐሰት ያዳናት፣ ሁለቱን ዓመት የወሰደባት ቃል ከተናጋሪው ዘንድ የለም፤ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው።

«ክሩ በግራ ማለፉ አልተረጋገጠም አሉኝ። በቀኝም ሊያልፍ ይችላል አሉኝ።»

አባቷ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው አሰቡ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አሰቡ፤ አሁንም አሰቡ። እሷ በልቧ፣ አሁን ልክ ብያለሁ ይሉኛል፣ አለች። ይህን አንድ ነገር ብትሰማ ለዛሬ ይበቃት ነበር።

«ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

«እምቢ» አሉ። «ሰነፍ ሰው ያለው ነገር ነው። ለምን በግራ ብሎ መጠየቅ ለማንም አያቅትም። በቀኝ ሊያልፍ እንደሚችል ግን ማን አሳየ? ጥርጣሬም እኮ ማስረጃ ይፈልጋል። እስቲ አስረጂኝ።»

ልትስቅ ነበር፤ ልታለቅስም ነበር። ሁለቱም አልመጡላትም። ማጥፊያዋን ወስዳ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ጠረገች፤ አቧራው እጅጌዋ ላይ ወረደ። ከዚያ የአባቷን እምቢታ ይዛ ከአባቷ ጋር ልትሟገት ጠመኔ አነሳች። አጥሩን ሣለች። ነጥቧን አደረገች። ክሩን ከሩቅ ጀምራ ቀስ እያለች አመጣችው፤ ቁልፉ ሰሌዳውን እየነካ ቂው ቂው ይላል። ነጥቧ አጠገብ ስትደርስ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል፣ እጇን አነሳች።

«ቀጥይ» አሉ አባቷ።

«እዚህ ድረስ ነው የማውቀው።»

«እሺ» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ከመጀመሪያው እንነሳ።»